በውሃ የተቀባ ምልክት

የቫይሽናቫ፣ ማለትም ቪሽኑንና ክሪሽናን የሚያመልከው የሂንዱ ወገን፣ ደቀ መዝሙር ከሩቅ ይለያል። ከቅንድቦቹ መሃል ተነስተው እስከ ፀጉሩ መነሻ የሚወጡ ሁለት የጭቃ መስመሮች ግንባሩ ላይ አሉ፤ አፍንጫው ላይ ደግሞ ቅጠል የሚመስል ምልክት ይወርዳል። አንገቱን የበሶብላ ዘመድ ከሆነችው ከቱላሲ ግንድ የተጠረቡ ጥቃቅን ፍሬዎች ይዞሩታል። ቀኝ እጁ 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ በተቀመጠበት የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነው። ክሪሽናን አምላኬ ያለ ሰው መሆኑን ለመናገር አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ጣጣው የሚመጣው አፉን ሲከፍት ነው፤ የሪክሻ ነጂውን ሲያመናጭቅ፣ የጠራጊዋን ሰላምታ እንዳልሰማ ሲያልፍ።

ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ስማር ግድግዳ የሚጋራኝ ጎረቤቴ የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነ ቤንጋሊ ነበር። በዕድሜ ስለምበልጠው «ዳዳ» ይለኛል፣ እንደ ታላቅ ወንድም። ጠዋት ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጎ የሚፈጽመውን ሥርዓት ደጋግሜ አይቻለሁ። ገላውን ታጥቦ ይቀመጣል። ግራ መዳፉ ላይ ጥቂት ውሃ ያደርግና ጎፒ ቻንዳን የሚሉትን ፈዛዛ ቢጫ የሸክላ ድንጋይ ውሃው እስኪወፍር ያሽበታል። የቀኝ እጁን የቀለበት ጣት ነክሮ መጀመሪያ ግንባሩን፣ ቀጥሎ ሆዱን፣ ደረቱን፣ ጉሮሮውን፣ ጎኖቹን፣ ክንዶቹን፣ ትከሻዎቹን፣ የጀርባውን ላይና ታች ይቀባል። በድምሩ 12 ቦታ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የቪሽኑ ስም ይጠራል። መዳፉ ላይ የቀረችውን አናቱ ላይ ያብሳታል። ከዚያ ሸሚዙን ይለብስና አብዛኛው ምልክት ይሸፈናል። ቲላክ የሚባለውን ይህን ምልክት ለታይታ ብቻ የሚደረግ ነገር አድርጌ እቆጥር ስለነበር ያ ከሸሚዝ በታች የሚቀረው ሁሉ ግራ ያጋባኝ ነበር።

ደቀ መዝሙር ሲሆን የገባው ቃል ኪዳንም ቀላል አይደለም። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም። ቁማር የለም። ከትዳር ውጪ ሴት የለም። የሚያሰክርና የሚያነቃቃ ነገር ሁሉ የለም፤ ሻይና ቡና ሳይቀሩ። በቀን 16 ዙር መቁጠሪያ ማድረስ አለ፤ አንዱን ጸሎት 1,728 ጊዜ መድገም ማለት ነው። ቤንጋሊን ከዓሣ መለየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለእኔ የከበደኝ ግን የቡናው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐበሾቹ ተሰብስበን ስናፈላ መጥቶ አብሮን ይቀመጣል፤ ጭሱ ወደሱ ሲመጣ ዓይኑን ጨፍኖ ይስበዋል። «ሽታው አልተከለከለም፣ ዳዳ» ይለኛል። ተከልክሎ እንደሆነ መንፈሳዊ መምህሩን፣ ጉሩውን፣ ጠይቆ እንደማያውቅ እጠረጥራለሁ።

የአንገቱ እንጨትም ሆነ የግንባሩ ጭቃ ሰው ቅዱስ ሆኖ ሲጨርስ የሚሸለመው ኒሻን አይደለም። ጉሩው ተማሪውን ሲቀበለው፣ ቁጣውም ምኞቱም ገና እንዳለ፣ ከአዲስ ስም ጋር የሚሰጠው ነው። ስሙ ደግሞ «ዳስ» ብሎ ያበቃል፣ አገልጋይ። እንግዲህ ምልክቱ ሁልጊዜ ሰውየውን ይቀድመዋል ማለት ነው። «ግብዝ» ብለን የምንፈርድባቸው ብዙዎቹ ምልክቱ የቀደማቸው፣ ገና እየተከተሉት ያሉ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ግን አይደሉም። ቀድሟቸው ሄዶ ተመቻችተው የተቀመጡም አሉ፤ ተሳላሚ በሚጎርፍባት በቭሪንዳቫን ከተማ ምእመኑን ገፎ ባዶ እጁን ማስቀረትን ሥራዬ ያሉትን አይቻለሁ።

ጎረቤቴ ትምህርቱን ጨርሶ ዴልሂ አጠገብ ባለችው ጉሩግራም አንድ ኩባንያ ሲቀጠር ጭቃውን ተወው። ሥርዓቱን አልተወም፤ በውሃ ብቻ መቀባት ይቻላል፣ ሲደርቅ ምንም አይታይም። ቱላሲውን በሸሚዙ ኮሌታ ሸፈነው። አምላክ ያያል፣ አለቃ አያይም፤ ከዚህ የተሻለ መላ ከየት ይመጣል? እኔም ደግፌው ነበር። በኋላ ቡና ስናፈላ መጥቶ የነገረኝ ግን ሌላ ነው። ሜትሮ ውስጥ አንድ ሽማግሌን ገፍቶ ተቀመጠ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ጭቃ ቢኖር ኖሮ ግን፣ አለኝ፣ ከሰውየው አልፎ አጠገቡ የቆመችው ሴትዮ ራሷ «አንተ ቫይሽናቫ አይደለህም እንዴ?» ትለው ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ጭቃውን ቀብቶ ቢሮ ገባ።

ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች በገንዘብ ሲካካዱ አንዱ «በማተብህ!» ካለ፣ በሌላው አንገት ላይ ያለችውን ክር ምስክር አድርጎ እየጠራበት ነው። ክሯ የአሳሪዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ባለጋራ ሊይዛት ባልቻለ። የጎረቤቴም ጭቃ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌውም ሴትዮዋም ድርሻ አላቸው። ውሃው ግን የብቻው ነበር፣ ለብቻው ደግሞ ሰው ለራሱ ይራራል።

ለመደበቅ ጥሩ ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም። በካልካታ የተወለዱት ፕራቡፓዳ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ69 ዓመታቸው፣ በጭነት መርከብ አሜሪካ ሄደው በማግሥቱ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ የክሪሽና ማኅበርን መሠረቱ። ተከታዮቻቸው የሆኑ፣ ራሳቸውን የተላጩ የአሜሪካ ወጣቶች በየአውሮፕላን ማረፊያው መጽሐፍ ሲያዞሩ መንገደኛው ከሩቅ አይቶ ይሸሻቸው ጀመር። ስለዚህ በ1970ዎቹ አንዳንዶቹ ሱሪና ጃኬት ለብሰው፣ በተላጨው ራሳቸው ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍተው መሥራት ያዙ። መጽሐፉ እንደተሰራጨ አልክድም። ዳሩ ግን ስለ እውነት ለመናገር ዊግ ያደረገ ሰው ፊት ቆሜ ባስብ፣ ጥያቄዬ ስለ ፀጉሩ ነበር የሚሆነው።

የቫይሽናቮች የራሳቸው ታሪክ በዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1486 እስከ 1534 ከኖረው ከቤንጋሉ መምህር ከቼይታንያ ተከታዮች ውስጥ ሳናታና የሚባል የሱልጣን ሁሴን ሻህ ሚኒስትር ነበር። ሥልጣኑን ትቶ፣ ታስሮ፣ ለጠባቂው ጉቦ ሰጥቶ አምልጦ ቫራናሲ፣ ቼይታንያ ዘንድ፣ ደረሰ። ከሀብቱ ሁሉ የቀረው መንገድ ላይ ያገኘው የእህቱ ባል የሰጠው ምርጥ የሱፍ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ቼይታንያ ምንም አላለውም፤ ዓይኑ ግን ብርድ ልብሱ ላይ እየተመላለሰ ያርፋል። ሳናታና ገባው። ጋንጅስ ዳር ወርዶ ቡትቶውን አጥቦ ያሰጣ ለማኝ አገኘና እንለዋወጥ አለው። ለማኙ የሚቀልድበት መሰለው። ያን ሁሉ የተወን ሰው በአንድ ብርድ ልብስ ማስጨነቅ ጭካኔ ይመስላል። ግን ለምኖ አዳሪ ነኝ ብሎ ደጅ የሚቆም ሰው ሦስት ወርቅ የሚያወጣ ሱፍ ተከናንቦ ከታየ፣ እንጀራ ሰጪዋ ምን ትበል?

ይሁንና እዚያው ታሪካቸው ውስጥ ጎረቤቴ ስለ እሱ የጠየቅሁትን ያልመለሰልኝ ሰው አለ። ፑንዳሪካ ቪድያኒዲ ይባላል። ጋዳዳራ የሚባል ባሕታዊ ወጣት ሊጎበኘው ሲሄድ ሰውየው ባማረ አልጋ ላይ ተንፈላሶ፣ ሽቶ ሸትቶ፣ የቢቴል ቅጠል እያኘከ፣ በአሽከሮች እየተራገበ ያገኘዋል። ጋዳዳራ በልቡ ናቀው። አብሮት የሄደው ሙኩንዳ ስለ ክሪሽና ምሕረት የሚናገር አንድ ስንኝ ሲያሰማ ግን ያ ቅንጡ ሰው እንባው ፈሰሰ፣ መሬት ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ሐር ልብሱ ተቀደደ። ጋዳዳራ የናቀበትን ለመካስ ያንኑ ሰው ጉሩ ሁነኝ አለው።

እንግዲህ ፑንዳሪካ ያለ ቡትቶ የደረሰበት ከሆነ የሳናታና ብርድ ልብስ ለምን ተቆጠረበት? ጎረቤቴን ስጠይቀው «ፑንዳሪካን የሚያህል ሰው ባለጌጥ አልጋ ላይ ቢተኛ ምን ቸገረው፤ እኔ ግን ሜትሮ ውስጥ ሽማግሌ ገፍቻለሁ» አለኝ። ይሄ ስለ እሱ መልስ ነው እንጂ ስለ ፑንዳሪካ አይደለም። ፑንዳሪካን ያየ ተራ መንገደኛ ስንኙን የሚያሰማ ሙኩንዳ አብሮት የለም፤ የሚያየው አልጋውን ነው፣ ይዞት የሚሄደውም አልጋውን ነው። እኔ በሳናታና ወገን ነኝ። ባለ ልቡ ሰው ከአልጋውም ቢጸድቅ ይጽደቅ፤ ምልክት ያደረገ ግን በምልክቱ ይጠየቅ።

አሁን ወዳጄ እዚያው ጉሩግራም ነው። በስልክ ስናወራ ሥራው የሚያማርረውን ያህል ሌላ አንድ ነገር ያማርረዋል። የክፍሉ ሠራተኞች ለሻይ የሚያዋጡትን ገንዘብ እሱ ዘንድ ያስቀምጣሉ። አንደኛ ሻይ አይጠጣም፤ ሁለተኛ ግንባሩ ላይ ጭቃ አለ። እሱ ደግሞ ሒሳብ አያያዝ አያውቅበትም፣ በወር መጨረሻ ሁልጊዜ ይጎድላል። ለሌላ ሰው ስጡ ብሎ ደጋግሞ ለምኗቸዋል፤ እነሱም ይስቃሉ እንጂ አይቀበሉትም፤ እሱም የጎደለውን ከኪሱ ይሞላል።