የሰው እጅ በምን ይለካል?

ሰው ሠርቶ አዳሪ ፍጡር ነው፤ ሠርቶ ለማደርም የተፈጥሮን መልክ ይለውጣል። ጫካ መንጥሮ እርሻ ያወጣል፣ ድንጋይ ፈልጦ ቤት ይሠራል፣ ወንዝ ጠልፎ አትክልት ያጠጣል። ስለሆነም ሰው በኖረበት ምድር ሁሉ የእጁ አሻራ አለ። በዘመናችን ይህን አሻራ በቁጥር ለመግለጽ ብርቱ ጥረት ይደረጋል። የደን ሽፋን በመቶኛ ይሰላል፤ በጎርፍ የተወሰደ አፈር በቶን ይመዘናል፤ የተራቆተ ኮረብታ ከሰማይ በሳተላይት ይነሳል። ዓላማውም የተጎዳውን መሬት ለይቶ እንዲያገግም መርዳት ነው። ይህን ዓላማ የሚነቅፍ አይኖርም። ነገር ግን ከልኬቱ አስቀድሞ መልስ የሚሻ ጥያቄ አለ። ጎደለ ለማለት ሙሉው ምን ያህል እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ታዲያ ሙሉውን የሚወስነው ማን ነው? በምንስ ማስረጃ?

ጥያቄው የሊቃውንት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው ደን ነበር፤ ዛሬ የቀረው 3 ወይም 4 በመቶ ብቻ ነው» የሚለው አባባል ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ተነግሯል፤ በጉባኤ ተነቧል፤ በሪፖርት ተጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ጀምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ግን ይህ 40 በመቶ በመስክ ልኬት ላይ ያልተመሠረተ፣ የታሪክ ማስረጃም የማይደግፈው መሆኑን አሳየ። በማግሥቱ ዓመት ዶናልድ ክራሚ ስለ ወሎ ያቀረበው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ክራሚ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሱ ፎቶግራፎችን ይዞ ከስድሳ ዓመት በኋላ ወደየቦታው ተመለሰ፤ በብዙዎቹም ዘንድ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኘውም። ገበሬው ባሕር ዛፍን በደጁ ተክሎ አሳድጎ ነበርና።

የትግራይ ማስረጃ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1868 በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ ላይ የገጠሩን መልክ በፎቶግራፍ አስቀርቷል። ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ በእነዚያው ቦታዎች ቆመው እንደገና ሲያነሱ፣ ከጥንቱ ይልቅ የአሁኑ ኮረብታ የተሻለ ዕፅዋት ለብሶ፣ እርከንም ተሠርቶለት ተገኘ። አያቶቻችን በለምለም ደን ውስጥ ይኖሩ ነበር ብለን ስናስብ፣ ያ ትውልድ የኖረው በተራቆተ ተራራ ሥር ኖሯል።

እንግዲህ የተሳሳተ መነሻ የሚያስከትለው ጉዳት ምንድን ነው? ስሕተቱ በሂሳብ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ በእርማት ባለፈ ነበር። ነገር ግን ከቁጥሩ ጀርባ ፍርድ አለ። ደኑ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ጠፋ ከተባለ አጥፊው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ እርሱም በኮረብታው ላይ የሚያርሰው ገበሬ ነው። ተከሳሹ ሳይጠየቅ ፍርዱ ተነበበ። የተፈረደበት ሰው ምክር አይጠየቅም፤ ከቦታው ገለል እንዲል ብቻ ይታዘዛል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ልኬትን በጥርጣሬ የሚያይበት የቆየ ምክንያት አለው። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ቃላድ በተጣለበት አገር፣ ከተለካው መሬት ብዙው ለመንግሥት፣ ለሹማምንትና ለወታደር ተደልድሎ፣ ነባሩ አራሽ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅም ከግብሩ ኋላ የመሬት ልኬት፣ ከልኬቱም ኋላ የርስት መነቀል ይመጣል የሚል ሥጋት ነበረበት። ገመድ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የሚወስደው ነገር እንዳለ ሕዝቡ ከኑሮ ተምሯል።

ከ1966ና ከ1977 ዓ.ም. ረሃቦች በኋላ የተካሄደው የአፈርና የውሃ ጥበቃ ዘመቻ ከዚህ ትዝታ ጋር ተጋጨ። ሥራው ታላቅ ነበር። ሕዝቡ በምግብ ለሥራ ተሰማርቶ እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ፤ ኮረብቶች ከግጦሽ ተከለሉ። ነገር ግን በሪፖርቱ የተቆጠረው የእርከኑ ርዝመትና የችግኙ ብዛት ነበር፤ ዛፉ ሲያድግ የማን እንደሚሆን በግልጽ የነገረው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ አካባቢ እነዚያ ዛፎች ተቆረጡ፤ እርከኖችም ፈረሱ። አንዳንዱ ይህን የገበሬው አላዋቂነት ነው አለው። እኛ ግን እንላለን፦ ሰው የራሱን አያፈርስም፤ ያፈረሰው በእጁ ሠርቶት የእርሱ ያልሆነውን ነው።

ከዚህ ላይ ተቃራኒውን ስሕተት መጠንቀቅ ይገባል። የ40 በመቶው ታሪክ ልብ ወለድ ከሆነ ጉዳቱም ልብ ወለድ ነው የሚል ይኖራል። መሬቱ ግን እንደዚህ አይናገርም። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በወሎ ማይባርና ኋላም በሌሎች ጣቢያዎች፣ ከማሳ ላይ የሚወርደው ጎርፍ ተጠራቅሞ በውስጡ ያለው አፈር ሲመዘን ኖሯል። ሥራውን የመሩት ሐንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ግምት፣ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር ይሄዳል። ይህን በገበሬው ቋንቋ እናስላው። 42 ቶን 420 ኩንታል ነው። ገበሬው ከአንድ ሄክታር አሥር ወይም አሥራ አምስት ኩንታል እህል ለማስገባት 420 ኩንታል አፈር ይከፍላል ማለት ነው። አፈር ደግሞ የሚፈጠረው ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው። ይህ ልኬት ስለ ጠፋ ገነት አይተርክም፤ በዚህ ክረምት ከዚህ ማሳ ምን እንደሄደ ይናገራል። ገበሬውም ከማሳው ሥር ቆሞ ቦረቦሩን ሊያየው ይችላል። የሐቀኛ ልኬት ምልክቱ ይኸው ነው፤ የሚለካው ሰውም ሊመሰክርለት ይችላል።

የተሻሻለውም ቢሆን ለዘለዓለም አልተሻሻለም። ያ በፎቶግራፍ የተመሰከረለት የትግራይ ኮረብታ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት፣ መብራትና ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ፣ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ተቆርጦበታል። የሰው ሰላም ሲናጋ የተራራውም ሰላም አብሮ ይናጋል።

ታዲያ መለኪያችን ምን ይሁን? ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ» የሚል ነው። ይህን መልስ በራሳችን ምድር እንፈትነው። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር አውላላ እርሻ መካከል ከሩቅ የሚታዩት የደን ደሴቶች የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽሮች ናቸው። የአካባቢው ጥንታዊ ዕፅዋት ምን እንደነበረ ማወቅ የሚሻ፣ የአገር በቀል ዛፍ ዘር የሚፈልግ ተመራማሪ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ነገር ግን እነዚህ ደኖች የሰው እጅ አልነካቸውም? መቃብር አለባቸው፤ የተማሪ ጎጆ አለባቸው፤ ምእመኑ ይመላለስባቸዋል። ዝግባውና ወይራው እስከ ዛሬ የቆሙት ሰው ስላልደረሰባቸው ሳይሆን ሰው ስለጠበቃቸው ነው። ያልተነካ የምንለው የታቀፈ ሆኖ ተገኘ።

የኮንሶ ምድር ደግሞ ጥያቄውን ይበልጥ ያጠናዋል። በዚያ ከአራት መቶ ዓመት በላይ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ፣ የድንጋይ ካብ በካብ ላይ ተደርድሮ ተዳፋቱ ሁሉ እርከን ሆኗል። ካልተነካ ተፈጥሮ ባለው ርቀት ብንለካ ኮንሶ እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዱ በተባለ ነበር፤ በእጅ ያልተሠራ ጥግ አይገኝበትምና። እውነቱ ግን አፈሩን ያቆየው ያ እጅ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ስለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የተመዘገበው የጌዴኦ ምድርም፣ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ በሚኖርበት ተዳፋት፣ ቡናና እንሰት በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይለማበታል። ሰው በበዛበት ዛፍ ይጠፋል የሚለው ሕግ በዚያ አልሠራም።

ስለዚህ የምንለካው የእጁን መኖርና አለመኖር መሆን አይገባውም። መጠየቅ ያለብን እጁ ምን እንደሠራ ነው። ዝናቡ ሲዘንብ ውሃው ይሰርጋል ወይስ ይሸሻል? ከተዳፋቱ ሥር ያለው ምንጭ በበጋ ይቆያል? ዛፉ ሰው ሳይተክለው ከዘሩ ይበቅላል? በላዩ የሚኖረው ሕዝብ በልቶ አድሮ ለልጁ ያቆያል? ማገገም ወደ አንድ የተወሰነ ያለፈ ዓመት መመለስ አይደለም፤ ምድሩ ራሱን የመተካት ኃይሉን እንዲያገኝና ሰውም በዚያ ኃይል ውስጥ ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ ለዕለት ሥራችን ትርጉም አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። የተተከለውን መቁጠር ቀላል ነው። ካድሬው ከሦስት ክረምት በኋላ ተመልሶ የጸደቀውን ሲቆጥር፣ ያልጸደቀበትንም ምክንያት ገበሬውን ጠይቆ ሲጽፍ፣ ሪፖርቱ ከዘመቻ ዜና አልፎ ዕውቀት ይሆናል። መምህሩም የ40 በመቶውን ቁጥር ከሚያስጠና ይልቅ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ቅርቡ ቦረቦር ይውረድ፤ ጥልቀቱን ያስለካቸው፤ የመንደሩን ሽማግሌዎች ስለ ጥንቱ መልኩ ያስጠይቃቸው።

ለእኛ ለጥበብ ሰዎችም የሚደርሰን ድርሻ አለ። ስለ ጠፋው ገነት ማልቀስ በግጥማችንም በመድረካችንም የተለመደ ሆኗል። ሙሾው ያምራል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ያው ተከሳሽ፣ ሁልጊዜ ያው መጥረቢያ የያዘ ገበሬ ነው የሚቀርብበት። ድንጋይ የሚደረድረው እጅ፣ ችግኝ የሚያጠጣው እጅ፣ የደብሩን ዛፍ ከመጥረቢያ የከለከለው እጅም የዚያው ሰው ነው። ያንን ሰው ሙሉ አድርጎ መድረክ ላይ ማውጣት ከማንኛውም ልኬት ያነሰ ሥራ አይደለም። መሬቱን እንዲያድን የምንጠይቀው እርሱን ነውና፣ አጥፊነቱን ብቻ እየነገርን አዳኝነቱን ልንጠብቅ አንችልም።