ስለ ተሸሸገ መሣሪያ

ሰው ቤቱንና ልጆቹን ለመጠበቅ ሲል የጦር መሣሪያ ቢይዝ ኃጢአት ይሆንበታልን? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት በሀና ማርያም ከሚኖሩ የንስሐ ልጆቻችን አንዱ ያመጣልን ጥያቄ ከዚህ የጠበበ፥ ለመመለስም ከዚህ የከበደ ሆኖ አገኘነው። ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ የዕለቱን ገንዘብ ይዞ በምሽት ብቻውን ወደ ቤቱ ይገባል። ጥያቄው «መሣሪያ ልያዝን?» የሚል አልነበረም፤ ያንንስ በልቡ ቈርጦ ነው የመጣው። «አባቴ፥ ከልብስ ሥር የማይታይ ትንሽ ሽጉጥ ልገዛ አስቤ፥ የትኛው ይሻለኛል እያልሁ የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ ከረምሁ። አሁን ግን ምርጫዬን ልጨርስ ስል አንድ ነገር ልቤን ከበደኝ። ወይ ይባርኩልኝ፥ ወይ ይከልክሉኝ» አለን።

በዚያ ቀን አልባረክነውም፤ አልከለከልነውምም። እውነቱን ለመናገር፥ የምንመልስለት አልነበረንም። የሰባት ቀን ቀጠሮ ሰጠነውና በእነዚያ ቀኖች መጻሕፍትን መረመርን፤ ሕግ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅን። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብላቸው ካህናት ወንድሞቻችን ብዙዎች እንደ ሆኑ ስለምናውቅ ያገኘነውን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ወደድን።

አስቀድመን ግን የሰውየውን ፍርሃት ማቃለል እንደማይገባ እንናገራለን። ሀና ማርያም በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ መንደር ነው፤ እርሻ ሳለ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ቤት በቤት ላይ ቶሎ ቶሎ ሲሠራ ጐረቤትና ጐረቤት ለመተዋወቅ ጊዜ አላገኙም። በባላገር ሌባ ሲመጣ «ኡ!» ያለ ሰው አገሩን ሁሉ ያስነሣል፤ በአዲስ መንደር ግን ኡኡታ የሰማ ሰው በሩን ይቈልፋል። ከዚህም በላይ በእነዚህ ዓመታት ሰው በየመንገዱ እየታገተ ማስለቀቂያ ገንዘብ ሲጠየቅበት ሰምተናል። በ2016 ዓ.ም. በዝቋላ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም መነኰሳት እንደ ተገደሉ ስንሰማ ያላለቀሰ ማን ነው? ገዳም ያልተፈራበት ዘመን ነውና፥ ነጋዴው ስለ ቤቱ ቢፈራ ፈሪ አንለውም።

የምድራዊው ሕግ ምን ይላል? በ2012 ዓ.ም. የታወጀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃድ ጠያቂውም 21 ዓመት የሞላው፥ አእምሮው ጤናማ፥ ከሱስ የራቀ እንዲሆን ይፈልጋል። ባለፈቃዱም ቢሆን ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ መሣሪያውን ይዞ እንዲገባ፥ ለሌላ ሰውም እንዲያስተላልፍ አይፈቀድለትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 78 ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ከሕገ ወጥ ጥቃት ቢከላከል እንደማይቀጣ ይደነግጋል፤ ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፥ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። መጠኑን ያለፈ እንደ ሆነ አንቀጽ 79 ይጠብቀዋል። እንግዲህ ቦርሳውን የነጠቀውንና እየሸሸ ያለውን ልጅ ከኋላው የተኰሰ ሰው በሕጉ ፊት ተከላካይ መባሉ ይቀርና ገዳይ ይባላል።

ወዳጃችን ሰዎችን ሲጠይቅ የከረመው ግን ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ዕቃው ነበር። ፈቃድ ጠይቆ ከመጠበቅ ይልቅ በኮንትሮባንድ የገባ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ እንዲገዛ የመከሩት አልታጡም። ይህን ሲነግረን አፈረ፤ ማፈሩም ደስ አሰኘን። ሌባን ለመከላከል ከሌባ መግዛት እንዴት ያለ ነገር ነው?

ወደ ባሕር ማዶ የሄዱ ልጆቻችንም ይህ ጥያቄ እንደሚገጥማቸው ሰምተናል። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በካሊፎርንያ፥ ሻጭ የሚሸጠው ሽጉጥ መንግሥት ባጸደቀው መዝገብ ውስጥ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ሸሽጎ ለመያዝም የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የዚያ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ሕግ ላይ በሰጠው ፍርድ፥ ጠያቂው ልዩ ምክንያት እንዲያቀርብ ማስገደድን ስለ ሻረ ፈቃዱን ማግኘት ከቀድሞው ቀለለ። ሕጉ ቢላላም ግን ሕሊና የሚጠይቀው ጥያቄ በዚያም በዚህም አንድ ነው።

ስለ ዕቃው መናገር ለመንፈሳዊ መጽሔት የማይገባ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። እኛ ግን ሰው የሚይዘውን ነገር ጠባይ ሳያውቅ ስለ ኃጢአቱም ሆነ ስለ ጽድቁ ሊፈርድ አይችልም እንላለን። በአገራችን እጅግ የታወቀው ማካሮቭ በ1951 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ጦር የተቀበለው ነው፤ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ባዶው ክብደቱ 730 ግራም ያህል ሆኖ በካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ዛሬ ከዚህም ያነሱ ይሠራሉ። ሽጉጥ ባነሰ መጠን መሸሸጉ ይቀላል፤ በትክክል መተኰሱ ግን ይከብዳል። አፈ ሙዙ ስላጠረ ማነጣጠሪያው ይቀራረባል፤ እጀታው ስላነሰ ጣቶች አይበቁትም፤ ስለ ቀለለም በተተኰሰ ጊዜ በእጅ ውስጥ ይዘላል። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ልምምድ የሚፈልገው ትንሹ ሽጉጥ ሆኖ ሳለ፥ የሚመርጡት ግን ከሁሉ ያነሰ ልምምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አሁን ይህን በሌሊት፥ በሚንቀጠቀጥ እጅ፥ በሀና ማርያም ሰፈር አስቡት። የጐረቤቱ አጥር ቆርቆሮ ነው፤ የጓሮው ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። ሌባውን የሳተው ጥይት በቆርቆሮ አይቆምም፤ ከቆርቆሮው ወዲያ የተኛው ማን እንደ ሆነም አይጠይቅም።

ይህን ስንጽፍ በልጅነታችን ያየነው ትዝ ይለናል። በአንድ ሠርግ ላይ ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኰሰ ጥይት ተመልሶ ወርዶ አንዲት ውኃ የተሸከመች ልጅ ትከሻዋን መታት። ልጅቱ ዳነች፤ ተኳሹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠመንጃ ይዞ አላየነውም። ማንም አልከሰሰውም፤ ራሱ ነበር ያስቀመጠው።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት እንመለስ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ቍጥር 2 እና 3 ስለ ሌባ የተነገረው እጅግ ያስደንቃል። ሌባው በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት፥ በመታው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት። ልዩነቱ ስለ ምንድር ነው? በሌሊት ባለቤቱ የመጣው ሰው ይስረቅ ወይም ይግደል አያውቅም፤ የሚጠራውም ረዳት የለውም። በቀን ግን ያያል፤ ጐረቤትም አለ፤ ዳኛም አለ። ስለዚህ ሕጉ የሌባውን ነፍስ ከዕቃ ሁሉ አስበልጦ ይቈጥራል፤ የባለቤቱንም ፍርሃት አይንቅም። ዛሬ የሀገር ሕግ «በሌላ መንገድ ማምለጥ ካልተቻለ» የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ነገር ግን የንስሐ ልጃችንን ልብ የከበደው፥ እርሱ ራሱ ባያውቀውም፥ መግደሉ ብቻ ሳይሆን መሸሸጉ ነው ብለን እናምናለን። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ከነህምያ ጋር የሠሩት ሰዎች እየሠሩ ሰይፋቸውን በወገባቸው ታጥቀው ነበር፤ ሰይፉ ይታይ ነበርና ጠላት አይቶ ተመለሰ፤ ደም ሳይፈስም ቅጥሩ ተፈጸመ። የአባቶቻችንም ጠመንጃ በትከሻ የሚታይ ነበር። በትከሻ የተሸከሙት መሣሪያ ለመጣው ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል። የተሸሸገው ግን የሚናገረው በተመዘዘ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ለንግግር ቦታ የለም።

በመጽሐፍ ቅዱስ መሣሪያቸውን የሸሸጉ ሁለት ሰዎችን እናገኛለን። አንዱ ግራኙ ናዖድ ነው፤ አንድ ክንድ የሚሆን ሰይፍ አሠርቶ በልብሱ ውስጥ በቀኝ ጭኑ ታጠቀና የሞዓብን ንጉሥ ዔግሎምን ገደለ። እርሱ እግዚአብሔር ሕዝቡን ለማዳን ያስነሣው መስፍን ነውና ለነጋዴ ምሳሌ አይሆንም። ሁለተኛው ኢዮአብ ነው። በገባዖን አጠገብ አሜሳይን ባገኘው ጊዜ ወንድሜ ብሎ ስለ ደኅንነቱ ጠየቀው፤ ሊስመውም በቀኝ እጁ ጢሙን ያዘ፤ አሜሳይም በሌላው እጁ ያለውን ሰይፍ አላስተዋለም። ዳዊት ሊሞት ሲል ይህን ደም አልረሳም፤ ኢዮአብም የመሠዊያውን ቀንድ ይዞ ሳለ ተገደለ። እኛን ያስፈራን ይህ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡን እርስ በርስ ሰላምታ እንዲሰጣጡ ሲያዝዝ፥ ከነጠላው ሥር ሽጉጥ የታጠቀ ሰው እንዴት አድርጎ ወንድሙን ይሳለማል? ክፉ አያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ስለ ራሱ አንድ የሚያውቀውና ወንድሙ የማያውቀው ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ይዞ ባይገባ እንኳ፥ በገበያ፥ በለቅሶ ቤትና በማኅበር ይህን ሰላምታ ይሰጣል።

ስለ ሁለቱ ሰይፎች የሚጠይቁን አሉ። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ እንዳላቸው ነገሩት ተብሎ በሉቃስ ወንጌል ተጽፏልና፥ ይህን ለመሣሪያ ማስረጃ ያደርጉታል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፥ እነዚያ ለፋሲካው በግ የተዘጋጁ ቢላዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ይናገራል። ምንም ይሁኑ ምን፥ በዚያች ሌሊት የሠሩት ሥራ የማልኮስን ጆሮ መቍረጥ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ጌታ መልሶ ፈወሰው።

ቅዱስ ባስልዮስ ለኢቆንዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ለአንፊሎክዮስ በጻፋቸው መልእክታት፥ በጠብ ባልንጀራውን ለሞት የሚያበቃ ምት የመታ፥ አስቀድሞ የመታም ቢሆን ተከላካይም ቢሆን፥ ነፍሰ ገዳይ እንደሚባል ደንግጓል። በጦርነት የገደሉትን አባቶች እንደ ነፍሰ ገዳይ እንዳልቈጠሯቸው ይናገራል፤ እርሱ ግን እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ቢርቁ መልካም ነው ይላል። እዚህ ላይ ካህናት ወንድሞቻችን ልብ እንዲሉ እንወዳለን። አገር የሚያመሰግነው፥ ዳኛ በነጻ የሚያሰናብተው ሰው እንኳ ንስሐ ያስፈልገዋል። ሕግ «አትቀጣም» ሲል፥ ቤተ ክርስቲያን «ሂድ፥ ምንም አላደረግህም» አትልም። ለእኛ ለራሳችን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይጠብቃል፤ በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናት በጠብ ሰውን መትቶ የገደለ ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ያዝዛሉና።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱን መናገር ያሳዝነናል። ትንሽ ሽጉጥ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለሌባው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግስት በመቅደላ፥ ከንግሥት ቪክቶሪያ እንደ ተላከላቸው በሚነገረው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በዚያ በታላቅ ንጉሥ ላይ ለመፍረድ አይደለም ይህን ማንሣታችን። በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን የሚያጠፉ መሆናቸው ግን ተጽፎ ይገኛል። ንግድ የከሰረበት፥ ኀዘን የገባበት፥ መጠጥ የለመደ ሰው በአልጋው ራስጌ ያስቀመጠው ነገር በአንዲት ክፉ ሌሊት ምን እንደሚሆንበት ማን ያውቃል? ልጆችም ይፈልጉታል፤ አባት የሸሸገውን የማያገኝ ልጅ አላየንም።

በሰባተኛው ቀን ሰውየው መጣ። ይህን ሁሉ ከነገርነው በኋላ እንዲህ ብለን ጠየቅነው፤ «ልጄ፥ ሌሊት ድምፅ ብትሰማ የምትፈራው ማን ይመጣብኛል ብለህ ነው?» ጥቂት ዝም አለና፥ አምሽቶ የሚገባ የ19 ዓመት ልጅ እንዳለው፥ ብዙ ጊዜም ቍልፍ ረስቶ አጥር ዘሎ እንደሚገባ ነገረን። ከዚያም አልተናገረም። እኛም አልጨመርንም።

መሣሪያ መያዝን በጠቅላላው አልከለከልነውም፤ ሥልጣኑም የለንም። ነገር ግን ሊይዝ ቢወድ በሕግ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን፥ ጥይቱና ሽጉጡ ተለያይተው እንዲቈለፉ፥ ወደ ማኅበርና ወደ ለቅሶ ይዞ እንዳይሄድ፥ ለሚስቱም እንዲነግራት አዘዝነው። ይህን የመጨረሻውን ስንለው ደነገጠ፤ ለካ አልነገራትም ነበር። የዕለቱንም ገንዘብ ወደ ቤት ከመውሰድ ይልቅ በቀን በባንክ እንዲያስገባ መከርነው።

ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ያሉ አሥራ አንድ ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው አንድ የሌሊት ዘበኛ ቀጥረዋል፤ በማእዘኑም መብራት አስገብተዋል። ለልጁ ሁለተኛ ቍልፍ ተቀርጾለታል። የፈቃዱን ማመልከቻ ግን አልቀደደውም፤ ተጽፎ ሳይፈረም በኪሱ ይዞት እንደሚዞር ነግሮናል። ለጾመ ነቢያት መግቢያ ቀጠሮ አለን።