የተሳላሚው መንገድና የባላገሩ ደጅ

እግዚአብሔር ምሉዕ በኵለሄ መሆኑን፥ ማለት ሰማይንና ምድርን የመላ፥ በቦታ የማይወሰን፥ በዘመን የማይለካ መሆኑን በቡሬ ገጠር ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ከንስሐ አባቱ ሰምቶ ያምናል፤ ይኸው ገበሬ ግን ጥምቀትን ከደብሩ ታቦት ጋር አክብሮ ሲያበቃ፥ በሶውን በስልቻ ቋጥሮ፥ በትሩን በትከሻው ጥሎ፥ ከሚስቱና ስእለት ካለበት ልጁ ጋር፥ ጥር 13 ቀን ለሚውለው ለአቡነ ዝራብሩክ በዓል ወደ ዓባይ ምንጭ፥ ወደ ሰከላዋ ግሽ ዓባይ፥ በእግሩ ይነሣል። በሰበካው የሚቀደሰው ቅዳሴ ያው ቅዳሴ፥ የሚፈተተው ሥጋ ወደሙ ያው ሥጋ ወደሙ ሆኖ ሳለ፥ በደጁ ያለውን አምላክ ትቶ ሌላ ስፍራ ሊፈልገው የሚሄድ ይመስል፥ ዳገት መውጣትና ወንዝ መሻገር ስለ ምን አስፈለገው? ይህን ጥያቄ እምነትን ለመንቀፍ ብለው የሚያነሡት አሉ፤ ነገር ግን ከነርሱ በፊት፥ ከነርሱም ይልቅ በጥልቅ ያነሡት ራሳቸው ቅዱሳን ናቸውና በችኰላ መልስ ሰጥቶ ማለፍ አይገባም።

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሠርቶ በቀደሰበት ዕለት፥ ሰማየ ሰማያት እንኳ የማይበቃውን አምላክ በእጁ የሠራው ቤት ሊወስነው እንደማይችል በሕዝቡ ሁሉ ፊት መስክሯል። ጌታም በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ለሳምራዊቷ ሴት የአምልኮትን ነገር ከገሪዛንም ከኢየሩሳሌምም አውጥቶ በመንፈስና በእውነት ላይ አቁሞላታል። የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ፥ በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያናችን ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት ጋር ቈጥራ የምትቀድስለት አባት፥ በ4ኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አይቶ ከተመለሰ በኋላ በጻፈው መልእክት፥ የስፍራ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ፥ ልቡ በክፉ ሐሳብ የተሞላ ሰውም በጎልጎታ ላይ ቢቆም እንኳ ክርስቶስን ከመቀበል የራቀ እንደ ሆነ ያስተምራል። እኔም ይህን ትምህርት ለማለዘብ አልሞክርም፤ ግሽ ዓባይ የደረሰው ሰው በርምጃው ብዛት ብቻ፥ ቡሬ ላይ ከቀረው ጎረቤቱ ይልቅ ወደ ሰማይ አልቀረበም። ነገር ግን ያ አባት በዚያው መልእክቱ ስለ መንገዱም ሲናገር፥ በምሥራቅ አገር የእንግዳ ማረፊያዎች ያየውን ልቅነት አጥብቆ ይነቅፋል፤ የነቀፈውም በገንዘብ የሚታደርበትን፥ አዳሪውና ባለቤቱ ሒሳብ ተሳስበው የሚለያዩበትን ቤት ነው። የሰከላን መንገድ ቢሄድ፥ በየመንደሩም የሚያድርበትን ቤት ቢያይ ኖሮ ስለ ተሳላሚ የጻፈው ቃል ምናልባት አንድ ምዕራፍ ይጨመርበት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከቡሬ የተነሣው ተሳላሚ በቲሊሊ በኩል፥ ቀድሞ ወጀት ትባል ከነበረችው ከፍኖተ ሰላም የተነሣውም በቋሪት በኩል ወደ ሰከላ ያቀናል። በቈሎና በርበሬ የሚበቅልበት ወይና ደጋ ቀስ በቀስ እየራቀ፥ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ደጋ እየቀረበ ይሄዳል፤ ቀን ፀሐዩ ትከሻ የሚያቃጥል፥ ሌሊት አመዳይ ሣሩን የሚያነጣ የጥር አየር ነው፤ በየዐውድማው ጤፍ ይወቃል፤ መንገደኛውም ባለፈ ባገደመበት፥ እህሉን በረከት ያድርግላችሁ እያለ፥ አሜን የሚለውን ድምፅ ከኋላው እየሰማ ያልፋል። የሚደርስበት ምንጭ ለዓይን የሚያስደንቅ አይደለም፤ በረግረግ ሣር መካከል የምትወጣ ትንሽ ውሃ ናት፤ ከዚያም ወርዳ ግልገል ዓባይ ተብላ ጣና ትገባለች። ሕዝቡ ግን በኦሪት ዘፍጥረት የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል የተባለው ግዮን እርሷ እንደ ሆነች ያምናል፤ አቡነ ዝራብሩክም ወታደሮች ሊይዙት በመጡ ጊዜ የጸሎት መጻሕፍቱን ለዚህች ውሃ አደራ ሰጥቶ እንደ ሄደ፥ ከዓመታት እስራት በኋላ ሲመለስም ውሃይቱ ሳታርስ እንዳስረከበችው ይተርካል። በጠበሉ የሚጠመቀው ሕመምተኛና ልጅ ታቅፋ የምትመጣው እናት የሚያስቡት ይህን አደራ ጠባቂነት ነው።

ወደዚህች ምንጭ በሌላ መንፈስ የመጡም አሉ። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው ጴድሮ ፓኤዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር መጥቶ አይቷታል፤ በ1770 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከብዙ ድካም በኋላ ደርሶባታል። ብሩስ ወደ ግሽ የመጣው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት መንደሩን ከነምንጩ ጉልት አድርገው ሰጥተውት ስለ ነበር፥ በሕግ የስፍራው ጌታ ሆኖ ነው፤ ከምንጩም ቀድቶ ለአገሩ ለንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ ክብር ጠጥቷል፤ ወዲያው ግን፥ ራሱ እንደ ጻፈው፥ የደስታው ስፍራ በትካዜ ተያዘ። ድፍረቱንና ትጋቱን አከብራለሁ፤ ቢሆንም በዚያው ስፍራ ተንበርክኮ መሬት የሚስመው የቋሪት ገበሬ የመጣው ጌታ ሆኖ ሳይሆን ደጅ ጠኚ ሆኖ ነው፤ በመንገድም ያደረው በራሱ ጉልት ላይ ሳይሆን በማያውቀው ሰው መደብ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም በዚያ መደብ ላይ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተሳላሚዎቹ ባገኙት አጥር ዳር ቆመው፥ «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ ስለ ጻድቁ አሳድሩን» ይላሉ። «ቤት የእግዜር ነው፤ ይግቡ እናቴ» ትላለች ባልቴቷን ያየች እመቤት፤ ወዲያውም ወደ ልጇ ዞራ፥ «አንተ፥ ውሻውን ያዝ!» ብላ ትጮሃለች። በትር ከግድግዳ ይደገፋል፤ ስልቻ ይወርዳል። ከምድጃው ላይ የሞቀ ውሃ በገበቴ ይቀርብና የቤቱ ልጅ፥ አንዳንድ ጊዜም አባወራው ራሱ፥ በርከክ ብሎ የመንገደኛውን እግር ማጠብ ይጀምራል፤ አቧራውን ካስለቀቀ በኋላ የተረከዙን ንቃቃት በአውራ ጣቱ እያሸ፥ በጣቶቹ መካከል የተሰበረ እሾኽ ቢያገኝ እናቱ በኩራዝ እያበራችለት በወረንጦ ይነቅላል፤ ባልቴቷ «ኧረ ይበቃል ልጄ፥ እደግ፥ ተመንደግ» ስትል እርሱ አጥቦ ሲጨርስ እግሯን ይስማል። ይህን ባየሁ ጊዜ ማን ማንን እንደ ባረከ ለመለየት አልቻልሁም። ከዚያ በኋላ እንጀራ በሽሮ ይቀርባል፤ እንግዳው ስልቻውን ሊፈታ እጁን ቢሰድ፥ ስንቅህን ለነገ አኑር ተብሎ ይከለከላል፤ ባለቤቶቹ መደባቸውን ለእንግዳ ለቀው እነርሱ በምድጃው ዙሪያ ቁርበት አንጥፈው ይተኛሉ።

አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል መጀመሪያ ያዘዘው ውሃ ነበር፤ እግራቸው ታጥቦ ካረፉ በኋላ ነው ምግቡ የቀረበው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያ ቤት ሥላሴ በእንግድነት እንደ ገቡ ታስተምራለች። ጌታም በሐሙስ ምሽት የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ በመጨረሻው ፍርድም የሚጠይቀው ስለ እንግዳ፥ ስለ ተራበና ስለ ታረዘ እንደ ሆነ አስቀድሞ ነግሮናል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ትእዛዝ ይፈጸም ዘንድ አንድ ነገር ያስፈልጋል፤ እርሱም እንግዳ ነው። ሁሉም በየቤቱ ቢቀመጥ፥ ሁሉም በየጎተራው ቢበላ፥ የቡሬው ባለ ብዙ ጥማድ ጌታ ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ ሆኖ ይኖራል እንጂ ተቀባይነት ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ወደ መቃብሩ ይወርዳል። ተሳላሚነት ይህን ጌታ ከቤቱ ያወጣዋል፤ በማያውቁት መንደር፥ ጥማዱንም ርስቱንም የሚቈጥርለት በሌለበት፥ አሳድሩኝ እንዲል ያደርገዋል። ትናንት ከእርሱ የቧገተውን የቆሎ ተማሪ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በደጁ የቆመውን ለምድ ለባሽ፥ ዛሬ በሌላ ሰው ደጅ በራሱ ሰውነት ያገኘዋል። መንገዱ አምላክን ከሩቅ አያመጣለትም፤ ከአምላክ ጋር የሚያለያየውን ትምክሕት ግን በየዳገቱ ያስጥለዋል።

ይህም ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የቅዱሳንን ገድል የሚሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ለጻድቃን የተሰጠው ቃል ኪዳን መካናቸውን ለሚሳለም ብቻ አልተወሰነም፤ በስማቸው የተራበውን ላበላ፥ የተጠማውን በጥርኝ ውሃ ላረካ፥ ዝክራቸውን ለዘከረ ሁሉ ተዘርግቷል። ስለዚህ በእርጅና ምክንያት ግሽ ዓባይን ዳግመኛ የማታያት የቲሊሊ ባልቴት፥ ለሚያልፈው ተሳላሚ ውሃ አሙቃ ብታጥብ፥ ከበረከቱ ተካፋይ ናት፤ የጻድቁ መካን በመንገዱ ርዝመት ሁሉ ተዘርግቶ በየጎጆው ያድራል ማለት ይቻላል።

ስለ ስእለት አንድ ቃል ልጨምር። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለችው ማንኩሳ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይጀምራል፤ የበዛብህ መከራ ሥሩ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ስለው የሰጡት መሆኑ ነው። ደራሲው ያሳዩን ጭንቅ እውነተኛ ነው፤ በሌላው ሰው ዕድሜ የተገባ ስእለት ከባድ ነገር ነው፤ እናት አባትም ከመሳላቸው በፊት ሊያስቡበት ይገባል። በገዛ እግር የሚፈጸመው ስእለት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ልጇ የዳነላት እናት የምትከፍለው የራሷን ድካም ነውና ከአምላኳ ጋር ንግድ ተነጋገረች አልላትም።

የመንገደኛና የአሳዳሪ ነገር ከጎጃምም የሰፋ ነው። አባቶቻችን በበረሃና በግብፅ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ ስንቶቹ በሽፍታ እንደ ተገደሉ፥ ስንቶቹስ ወደ ባርነት እንደ ተሸጡ ታሪክ ያስታውሳል፤ ዛሬ በዴር ሡልጣን የሚጸልዩት መነኮሳት የነዚያ ተጓዦች ወራሾች ናቸው። ወደ ሮም የዘለቁትም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው ቤት ማደሪያ ተሰጣቸው። በዚያች ከተማ በ1513 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የግእዝ መጽሐፍ፥ መዝሙረ ዳዊትን፥ ዮሐንስ ፖትከን ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደሉንና ቋንቋውን ተምሮ አሳተመ፤ በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ እያደሩ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ ማተም ጀመሩ። የታተመ መጽሐፋችን ታሪክ የተጀመረው፥ እንግዲህ፥ በእግራቸው መጥተው ቤት በተሰጣቸው ተሳላሚዎች መካከል ነው።

አሁን አስፋልቱ ቡሬን ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም አገናኝቷል፤ መኪናም ለበዓለ ንግሥ ያደርሳል። ሽማግሌውንና ሕመምተኛውን ጠበሉ ዘንድ ያደረሰን መኪና መንቀፍ አይገባም፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ነገር ግን ጕዞው ወደ ግማሽ ቀን ባጠረ ቍጥር በመንገድ ዳር ያሉት ቤቶች እንግዳቸውን አጡ፤ በመስኮት የሚያልፍ ሰው እግሩ አይታጠብም። መንገድ የሚፈራበት ዘመን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ደጅ የቆመው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ በር መክፈት በልጆች ሕይወት መጫወት ነው የሚል አባወራ ሐሰት አልተናገረም። እኔ ግን የማምነው፥ አንድ አገር እንግዳ ማሳደሩን ከተወ፥ ያጣውን መተማመን በምንም ዐዋጅ መልሶ አያገኘውም ብዬ ነው፤ ይህን ልማድ ከነክብሩ ያቈየን ተሳላሚው ነውና፥ የእርሱ በእግር መሄድ ለነፍሱ ብቻ ሳይሆን ለአገሩም ይጠቅማል።

ስለዚህ ጤናና ጕልበት ያላችሁ፥ መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት፥ ጥምቀትን ካከበራችሁ በኋላ መኪናችሁን ቲሊሊ ላይ ልቀቁትና የቀረውን በእግራችሁ ሂዱት፤ ለማደሪያ የሚበቃ ገንዘብ በኪሳችሁ ቢኖርም፥ አንድ ሌሊት እንኳ በማታውቁት ባላገር ደጅ ቆማችሁ አሳድሩን በሉ፤ ገንዘቡንም ለድሀ ስጡት። እናንተም በሰከላና በቋሪት መንገድ ዳር የምትኖሩ ወገኖች፥ ያሳደጋችሁን ልማድ ለልጆቻችሁ አስተምሩ፤ ገበቴውንና ወረንጦውንም በቅርብ አኑሩ።