ማንኪያው አልዋሸም

ከታናሽ ወንድሜ ጋር በውርስ ቤት ተጣልተን ይኸው 3 ዓመት ተኮራርፈናል። በቀደም ሻይ ቤት ተቀምጬ በደሉን በሆዴ ስቆጥር ዓይኔ ከማንኪያዬ ላይ አረፈ። በጎድጓዳው በኩል ፊቴ ተዘቅዝቋል፤ በጀርባው በኩል ሳየው ቀጥ ብሏል፣ ግን አንሷል።

ማንኪያው ዋሸ እንዴ? አልዋሸም። ብርሃን ጠፍጣፋ መስተዋት ላይም ሆነ ጎባጣ ላይ በመጣበት ማዕዘን ልክ ይመለሳል፤ ልዩነቱ የቅርጹ ነው። ጉብ ያለው ጨረሩን ስለሚበትን ሁሉን አሳንሶ ያሳያል። ጎድጓዳው ግን ጨረሩን ይሰበስባል፤ እጅግ ተጠግተው ሲያዩት ያገዝፋል፣ ርቀው ሲያዩት ይዘቀዝቃል።

እኔም የራሴን ጥፋት በጀርባው፣ የወንድሜን በጎድጓዳው ስመለከት ኖሬአለሁ። ታዲያ ሰው የሚያየው በተሠራበት ቅርጽ ከሆነ ስለምን ይጠየቃል?

መልሱን ያገኘሁት ከሐብል ቴሌስኮፕ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጠፈር ሲላክ፣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ጎድጓዳ መስተዋቱ ጠርዙ ላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስህተት ነበረበት። ከዋክብቱ ደበዘዙ። መስተዋቱ አልተለወጠም፤ ሊቃውንቱ የጉድለቱን ልክ በጥንቃቄ ለክተው፣ በ1993 ያንኑ የሚያካክስ መሣሪያ ገጠሙለት። ምስሉም ጠራ።

እንግዲህ መጉበጤ ላያስወቅሰኝ ይችላል። መጉበጤን እያወቅሁ፣ ጉብጠቴን ሳልለካ መፍረዴ ግን ያስወቅሰኛል።

ወንድሜ አልበደለኝም አልልም። የበደሉን ልክ ግን እስካሁን አላየሁትም።