ያልተሸጠ ሁሉ የማይረባ ነው?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ከቁም ሳጥን አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረደ። ውስጡ ጀርመን ያለችው አክስቱ የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም የላከችለት ፕሌይስቴሽን 2 ነበር። አቧራውን እፍ ብሎ፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘውና «ጋሼ፣ ዛሬ አንድ የተበደለ ጌም ላሳይህ» አለኝ።

«የተበደለ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። ሰው ይበደላል፤ ከብትም ይበደላል። ጨዋታ ደግሞ እንዴት ሆኖ ነው የሚበደለው? በዳዩስ ማን ነው?

የኔ ቢጤዎች ስለ ቪዲዮ ጌም የምናውቀው በየሰፈሩ ከነበሩት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ደጃፍ ቆመን ያየነውን ያህል ነው። ሁሌ እግር ኳስ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፤ ትንሽ ቆይቶ አንዲት እናት ነጠላዋን እያጣፋች ልጇን ፍለጋ ትመጣለች። እኔም ቴሌቪዥኑ ሲበራ ኳስ ነበር የጠበቅኩት።

ኳስ አልነበረም። ጌሙ «ኢኮ» ይባላል፤ በጃፓናዊው ፉሚቶ ዌዳ መሪነት ተሠርቶ በ2001 የወጣ ነው (ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆቹ ናቸው)። ቀንድ አብቅሎ በመወለዱ እንደ መርገም የተቆጠረ ልጅ አለ። የመንደሩ ሰዎች ወስደው ሰው በሌለበት ግንብ ውስጥ ይዘጉበታል። እዚያ ዮርዳ የምትባል ልጅ ታስራ ያገኛል። ቋንቋዋን አያውቅም፤ ቋንቋውን አታውቅም። እጇን ይዞ ሊያወጣት ይነሳል። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው። ነጥብ አይቆጠርም፤ የልጁን ጉልበት የሚያሳይ መለኪያም የለም። እጇን ለመያዝ አንዲት ቁልፍ ተጭናችሁ መቆየት አለባችሁ፤ ጣታችሁን ካነሳችሁ ለቀቃችኋት ማለት ነው። ጥላ የመሰሉ ፍጡራን ደግሞ እየመጡ ሊወስዷት ይታገላሉ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጣቴ ደነዘዘ። አልለቀቅኩም። ስለ ኃላፊነት ስንት ድርሰት አስተምሬያለሁ፤ ጣቴ ላይ የተሰማኝ ግን ያን ዕለት ነው።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው ብዙ ሰው ያልገዛው? ልጁ እንደነገረኝ በዚያው መከር ተኩስና የመኪና ስርቆት የሞላበት «ግራንድ ቴፍት አውቶ 3» ወጥቶ ገበያውን አጥለቀለቀው። በአሜሪካ ደግሞ ዌዳ ራሱ የሳለው የሽፋን ሥዕል ቀርቶ ሌላ ተለጠፈበት። ሥዕሉን አሳየኝ። ያንን ሽፋን አይቶ «አልገዛም» ባለ ሰው ላይ፣ እውነቴን ነው፣ አልፈርድም።

ሌላው ያሳየኝ «ኦካሚ» ነው፣ የ2006። በነጭ ተኩላ አምሳል የመጣች የፀሐይ አምላክ በብሩሽ እየሳለች የደረቀውን ምድር ታለመልማለች። ይሄኛው እንኳ ያልታወቀ ነው አይባልም። ተቺዎች አመሰገኑት፣ ሽልማት ሰጡት። ገዢ ግን ጠፋ፤ ክሎቨር የተባለው የሠሪዎቹ ስቱዲዮ በ2007 ተዘጋ። ጊነስ ቆየት ብሎ የዓመቱ ምርጥ ጌም ከተባሉት መካከል በሽያጭ የመጨረሻው ብሎ መዘገበው። የምስጋና ብዛት ደመወዝ አይከፍልም መሰለኝ።

እንግዲህ በደሉ የቱ ጋ ነው? ማንም ሰው ላልወደደው ነገር ገንዘቡን የማውጣት ዕዳ የለበትም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ከበደን ብለው ያስቀመጡት አንባቢዎች ወንጀለኞች አይደሉም። በደሉ የሚጀምረው «አልገዛሁትም» ያለው ሰው «አይረባም» ማለት ሲጀምር ይመስለኛል። የመጀመሪያው ስለ ራስ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ሳያዩ መፍረድ።

ደግሞ እኛ ተቆርቋሪ ነን ባዮቹም ንጹሕ አይደለንም። ሰው ያላየውን በማየት የሚመጣ ኩራት አለ፤ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ የተለመደ በሽታ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ወዳጃችን መጽሐፍ ብዙ ሰው ሲያነበው ቅር የሚለን ሰዎች ነን። ሌላም አለ። የካርቶኑን ሲዲዎች ሳገላብጥ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የተገለበጡ ናቸው፤ ስማቸው በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል። «እነዚህንስ ማን በደላቸው?» ብለው ሳቀ።

ግን ጌም ከመጽሐፍ በአንድ ነገር ይለያል። መጽሐፍ ሃምሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ቢቆይ የሚፈልገው ዓይንና ብርሃን ነው። ጌም ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ሆኖም በ2013 ማምረቱ ቆመ። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ አይገኙም ነበር። «ኦካሚ» ዕድለኛ ነው፤ ለአዳዲስ ማሽኖች ደጋግሞ ታድሷል፤ በ2024 መጨረሻ ተከታዩ እንደሚሠራም ተነግሯል። «ኢኮ»ም በ2011 ለፕሌይስቴሽን 3 ታድሶ ነበር። ያም ማሽን በተራው አረጀ። መጽሐፍን ለቸል ማለታችን ይቅርታ የምንጠይቅበት ጊዜ እናገኛለን፤ ለብዙዎቹ ጌሞች ግን ጊዜው ያልቃል።

«ኢኮ»ን በአምስት ምሽት ጨረስነው። ዮርዳ ስትናገር ከሥር የሚጻፈው የማይነበብ ምልክት ስለነበር አንድም ቃሏ አልገባኝም። ልጁ ይሄን ያለኝ መጨረሻ ላይ ነው፦ በዚህ በአውሮፓው ቅጂ አንዴ ጨርሶ እንደገና ለሚጀምር ሰው የሷ ንግግር ተተርጉሞ ይጻፍለታል። ለደጋሚ ብቻ! በማግስቱ ልንጀምር ስንል ማሽኑ ሲዲውን አላነብም አለ።

ይዤው ጥገና ቤት ሄድኩ። ሠራተኛው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ ሌንሱ ነው የሞተው። መለዋወጫውም እንደ ልብ አይገኝም። ትንሽ ጨምረው አዲስ ማሽን አይገዙም?» አለኝ።

«አዲሱ ይሄን ሲዲ ያጫውታል?»

«አያጫውትም።»

«እንግዲያው እሱን ክፈተው» አልኩና በርጩማውን ስቤ ተቀመጥኩ።