ተስፋ ያደረገ ሰው ማንን ይከሳል?

ሰው ገና ተሠርቶ ያላለቀ ነገር ለማየት ከአንድ ዓመት በፊት ገንዘቡን ቢከፍል፥ የገዛው ነገር ምንድን ነው? ይህ የፈላስፎች ጨዋታ እንዳይመስል፥ ነገሩ የተደረገ ነው። ክሪስቶፈር ኖላን የሚባለው የሲኒማ አዘጋጅ የሆሜርን ኦዲሴይ በፊልም ሊያወጣ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ለ2026 ዓ.ም. ሐምሌ ቀጠሮ ያዘ። የአንዳንድ ታላላቅ አዳራሾች ትኬት ግን በ2025 ሐምሌ፥ ሥራው ገና ሳይጠናቀቅ ተሸጠ፤ ብዙውም ወዲያው አለቀ። እነዚያ ሰዎች የገዙት ፊልም አይደለም፤ ፊልሙ ገና አልነበረምና። የገዙት የገዛ ተስፋቸውን ነው። አልስቅባቸውም፤ እኔም ሲኒማ ወዳድ ነኝ።

ታላላቅ ፊልሞችን በበጋ የማውጣት ልማድ (የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን አንባቢ ያስታውሷል) በአሜሪካ የጸናው ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ የስቲቨን ስፒልበርግ ‹ጆዝ›፥ ሰው በላ ሻርክ ያለበት ፊልም፥ አስቀድሞ በቴሌቪዥን ብዙ ከተነገረለት በኋላ ከ400 በሚበልጡ ሲኒማ ቤቶች ባንድ ጊዜ ታየ። ሰው ሠራሹ ሻርክ በባሕር ውሃ እየተበላሸ ስላስቸገረ፥ አዘጋጁ አውሬውን እየሸሸገ ማስፈራራት ግድ ሆነበት። ያልታየውም ከሚታየው ይልቅ አስፈራ። ነጋዴዎቹ ከዚህ ትምህርት ያገኙ ይመስለኛል፤ ሰው ያላየውን ነገር በልቡ ከማንም ሠዓሊ አሳምሮ ይሥላልና።

የዚህ ሥዕል ብርታት በ1999 ዓ.ም. ተገለጠ። ጆርጅ ሉካስ በ1977 የጀመረው ‹ስታር ዋርስ› ከ1983 ወዲህ አዲስ ክፍል ሳይወጣለት 16 ዓመት ቆይቶ ነበር። በ1998 ኅዳር የአዲሱ ክፍል ማስታወቂያ ከሌላ ፊልም አስቀድሞ ሲታይ፥ ሙሉ ዋጋ ከፍለው ገብተው ማስታወቂያዋን ብቻ አይተው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ በወጣ ጊዜ ግን ብዙዎች ቅር አላቸው። ቅር መሰኘት ኃጢአት አይደለም፤ የከፋው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጃር ጃር ቢንክስ የተባለውን አስቂኝ ፍጡር ሆኖ በተጫወተው በአሕመድ ቤስት ላይ የስድብ ናዳ ወረደበት። እርሱ የተሰጠውን ሥራ ሠራ እንጂ ለማንም ቃል አልገባም። በ2018 ዓ.ም. ራሱ እንደ ገለጸው፥ ከዚያ የተነሣ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ ደርሶ ነበር። በ2023 የዚያው ታሪክ ቅርንጫፍ በሆነ የቴሌቪዥን ድራማ ሌላ ሰው ሆኖ ሲመለስ በደስታ ተቀበሉት፤ በመካከሉ ግን 24 ዓመት አልፏል።

እንግዲህ ዕዳው የማን ነው? ማስታወቂያውን ያለ ልክ ያጋነነ ሻጭ ተጠያቂ መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን በልቤ የሣልሁትን ሥዕል የሣልሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው ያላየውን ሥዕል እንዴት አድርጎ ይመስለዋል?

ይህን የምለው በሰው ስሕተት ብቻ ተምሬ አይደለም። አስተማሪ ሳለሁ፥ አንድ ልጅ ወደ ክፍሌ ከመምጣቱ በፊት ዝናው ቀድሞት መጣ፤ በሒሳብ አቻ የለውም ተባለ። እኔም ደስ ብሎኝ ጠበቅሁት። ሲመጣ ደኅና ተማሪ ነበር፥ ከዚያም አላለፈ። አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ‹ጎበዝ› በምልበት ነጥብ እርሱን ‹ምነው?› እለው ነበር። አንድ ቀን ደብተሩን ስመልስለት ‹ጋሼ፥ እኔ ምን ብዬዎት ነበር?› አለኝ። መልስ አልነበረኝምና ስለ ድፍረቱ ቀጣሁት።

ብልሆች ነን የሚሉ፥ ‹ምንም ተስፋ አታድርግ፥ ኋላም አታዝንም› ይላሉ። ይህ ጥንቃቄ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለው ሰው መልካም ፊልም ቢያጋጥመው እንኳ እጁን አጣጥፎ ጉድለት ሲፈልግ መብራቱ ይበራበታል። እኔ ማስታወቂያውን አንድ ጊዜ አይቼ እተዋለሁ፤ ጉጉቱን ግን አልተወውም።

ኦዲሴይ በፊልም እንደሚወጣ በሰማሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ውሻውን ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ያነበብሁት፥ ጌታውን ሃያ ዓመት ጠብቆ፥ ባየውም ጊዜ ጅራቱን ወዝውዞ የሞተው አርጎስ ነው። መልኩ እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ፤ አንድ ጆሮው የተቀደደ፥ ዳማ ውሻ ነው። ሆሜር እንዲህ አላለም፤ የቀደድሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ውሻ ቃል የገባልኝ ሰው የለም።