ሽፍታው የማን ኃጢአት ነው?

ዐሊ ኢብን አቢ ጧሊብ የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅና አማች ነበሩ። ከብልታቸው ስለሚወጣ ፈሳሽ አንድ ጥያቄ ሲያስጨንቃቸው ግን ፊት ለፊት መጠየቅ አፈሩ፤ ሚስታቸው የነቢዩ ልጅ ናትና። ስለዚህ ሚቅዳድ የተባለ ባልንጀራቸው እንዲጠይቅላቸው ላኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ ይታጠብ፣ ለሶላት የሚደረገውን ትጥበት ውዱእንም ያድርግ። ታሪኩ በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ተመዝግቦ፣ ጥያቄውም ኀፍረቱም ሳይደበቅ፣ ለትውልድ ተላልፏል።

ዛሬ በብልቱ ላይ ሽፍታ ወይም ነጠብጣብ ያየ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ የሚልከው ሰው የለውም። «ምን ያዘኝ?» ከማለቱ በፊት «ምን በድዬ ነው?» ይላል። ያገባው ሚስቱን ይጠረጥራል፤ ያላገባው ያለፈ ሕይወቱን ይመረምራል። ለንስሐ አባቱ መንገር ያሳፍረዋል፤ ለሐኪም ማሳየት ደግሞ የባሰ ያሳፍረዋል። ከፋርማሲ በስውር የገዛውን ቅባት እየቀባ ወራት ይቆጥራል። ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ የቆየ እምነት አለ፦ በተሸሸገው ገላ ላይ የወጣ ምልክት በባለቤቱ ላይ ይመሰክራል የሚል። ይህ እምነት በሕክምናም ሆነ በሃይማኖት ሚዛን ሲመዘን ይቀላል።

ሕክምናው የሚያውቀውን ማስቀደም ይሻላል። በብልት ጫፍ ዙሪያ እንደ ዶቃ የተደረደሩ፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ጥቃቅን እብጠቶች በብዙ ጤነኛ ወንዶች ላይ ይገኛሉ። በሽታ አይደሉም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ መድኃኒትም አያሻቸውም። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጆን አዲሰን ፎርዳይስ እ.ኤ.አ. በ1896 የገለጿቸው ቢጫማ ነጠብጣቦችም ጉዳት የሌላቸው የወዝ እጢዎች ናቸው፤ በከንፈርም በብልትም ላይ ይታያሉ።

መቆጥቆጥ፣ መቅላትና ማሳከክ ሲኖር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከዕለት ኑሮ ውስጥ ይገኛል። ሽቶ ያለው ሳሙና፣ በደንብ ሳይለቀለቅ የተለበሰ የውስጥ ልብስ፣ ለዕቃ ማጽጃ የተሠራ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ፣ የኮንዶም ላቴክስ፣ ላብና የልብስ ፍትጊያ ስስ የሆነውን የብልት ቆዳ ያስቆጡታል። ረክሻለሁ ብሎ በቀን ደጋግሞ በሳሙና የሚያሽ ሰው ሽፍታውን በገዛ እጁ ያባብሳል። ጭርት በብሽሽት ላይ ሲወጣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተቀባ የስቴሮይድ ቅባት ለጥቂት ቀናት ያስታግሰውና ፈንገሱን ያስፋፋዋል።

እከክ በብልትና በቆለጥ ላይ ጠንካራ፣ ሌሊት ሌሊት ክፉኛ የሚያሳክክ እብጠት ያወጣል። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ የምታመጣው ይህ በሽታ አብረው የሚተኙትን ሁሉ ይይዛል፤ ሕፃንና ሽማግሌ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ድርቅ በመታቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች እከክ በወረርሽኝ መልክ ተስፋፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በአንድ ገበሬ ብልት ላይ የወጣ እብጠት የሚናገረው ስለ ውኃ እጦትና ስለ ጠባብ መኝታ ነው።

ክኒንም ሰውን በከንቱ ያስጠረጥራል። አንዳንድ ሰው ኮትሪሞክሳዞል ወይም ቴትራሳይክሊን በዋጠ ቁጥር በብልቱ ላይ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ ክብ ጠቆር ያለ ምልክት ይወጣበታል፤ አልፎ አልፎም ይቆስላል። ለሌላ ሕመም የታዘዘለት መድኃኒት ነው ያስነሣበት። እየተመላለሰ የሚያስቸግር የካንዲዳ ፈንገስ ደግሞ አንዳንዴ ገና ያልታወቀ የስኳር በሽታን ይጠቁማል፤ በሽንት የሚወጣው ስኳር ፈንገሱን ይመግበዋልና። ይህ ሰው የሚያስፈልገው የደም ስኳር ምርመራ ነው። እሱ ግን አፍሮ ከተደበቀ ስኳሩም አብሮት ይደበቃል።

ሃይማኖቱስ? ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ስለ ቆዳ ምልክት ረጅም ሥርዓት ይዟል። ካህኑ የጠጉሩን ቀለምና የምልክቱን ጥልቀት ያያል፤ ካልለየለት ሰውየውን ሰባት ቀን ለይቶ ያቆያል፤ ዳግመኛ አይቶ አሁንም ካልተረጋገጠ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። በምዕራፉ ሙሉ ካህኑ ሰውየውን «ምን ሠርተህ ነው?» ብሎ አይጠይቀውም። በሚቀጥለው ምዕራፍ የተፈወሰው ሰው መሥዋዕት ያቀርባል፤ የመሥዋዕቱም አንዱ ክፍል ስለ ኃጢአት ነው። ምርመራው ግን የሚካሄደው በዓይንና በትዕግሥት ብቻ ነው።

የሙሴ እኅት ማርያም፣ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝና ንጉሡ ዖዝያን በበደላቸው ምክንያት በለምጽ እንደተመቱ መጽሐፍ ቅዱስ መናገሩ እውነት ነው። ነገሩን ግን ከየት ወደ የት እንደሚነበብ ማስተዋል ያስፈልጋል። በእነዚህ ታሪኮች በደሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ቅጣቱን የሚሰጠውም እግዚአብሔር ነው። ከቁስል ተነሥቶ ወዳልታየ በደል ለመድረስ መሞከር ሌላ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የሄዱት የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ናቸው። ኢዮብ ከእግሩ ጫማ እስከ ራሱ አናት በክፉ ቁስል ሲመታ፣ «ያለ ኃጢአት እንዲህ አይኮንም» እያሉ ተከራከሩት፤ በመጽሐፉ መጨረሻ የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነርሱ ላይ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ክርስቶስ ሁለቱንም አልተቀበለም።

በአውሮፓ የቂጥኝ ታሪክ ውስጥ በሽታን ቅጣት የሚለውና ተላላፊ የሚለው አስተሳሰብ ሁለቱም በአንድ ሰው እጅ ተጽፈው ይገኛሉ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሽታው ከኔፕልስ ተነሥቶ ሲዛመት ብዙዎች የሰማይ ቁጣ አሉት። ጣሊያናዊው ሐኪም ጂሮላሞ ፍራካስቶሮ እ.ኤ.አ. በ1530 ባሳተመው ረጅም ግጥም የፀሐይን አምላክ የናቀ አንድ እረኛ በዚህ ቁስል ሲቀጣ ይታያል። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1546 ባወጣው መጽሐፍ ግን ተላላፊ በሽታ በዓይን በማይታዩ ዘሮች አማካይነት ከሰው ወደ ሰው እንደሚሻገር አስተማረ። ተመራማሪዎቹ ሻውዲንና ሆፍማን በርሊን ውስጥ ቂጥኝ አምጪውን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ደግሞ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ታወቀ።

«ታዲያ ቂጥኝ፣ ጨብጥና ከርክር የሚመጡት ከዝሙት አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። ብዙ ጊዜ መንገዳቸው እርሱ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ከቤቷ ያልወጣችውን ሚስት ይይዛል፤ በማኅፀን ያለውን ጽንስ ይገድላል፤ ከብዙ ሴት ጋር የሄደውን አንዱን ደግሞ ሳይነካው ያልፋል። ንጹሑን የሚመታና በደለኛውን የሚለቅ ነገር ፍርድ ሊባል አይችልም። ዝሙትን ኃጢአት የሚል ሃይማኖት ለትምህርቱ የራሱ ምክንያት አለው፤ ባክቴሪያን ለምስክርነት መጥራት አያስፈልገውም።

ሁለቱን ማምታታት ሕይወት ያስከፍላል። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ሳይታከም በራሱ ይጠፋል። ቁስሉን ቅጣት ነው ያለ ሰው ሲደርቅለት ምሕረት አገኘሁ ብሎ ያመሰግናል። ባክቴሪያው ግን በሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ ልብንና አንጎልን ሊያጠቃ ይችላል። ንስሐው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ ግን አልተነካም።

ኀፍረቱ ራሱም መመርመር ይገባዋል። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተሰኘው ሥራው ሰው በብልቱ የሚያፍረው ከውድቀት በኋላ ለፈቃዱ ስለማይታዘዝለት ነው ይላል። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ያየዋል፦ አሳፋሪው ክፋት ብቻ ነው፤ ከሰውነት ክፍሎች አንዱም አያሳፍርም፤ የመራቢያ አካላትም የሰው ዘር ሞትን የሚታገልባቸው ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 12 ያነሰ ክብር ያላቸው ለሚመስሉት ብልቶች የሚበልጥ ክብር እንደሚሰጥ ያስተምራል። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውና ስለ ደራሲው ሊቃውንት የሚከራከሩበት ሐተታም ፈጣሪ በሴት ተፈጥሮ ውስጥ ያኖረውን የወር አበባ ርኩስ የሚለውን ሕግ ይሞግታል። ከመጨረሻዎቹ ሦስቱ አንድ ነገር ይገኛል፦ ብልት የሚከበር የአካል ክፍል ነው። የሚከበር አካል ደግሞ ሲታመም ይታከማል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ የሚገኘው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሕመምተኛው እንዲጸልይ፣ ልቡን ከኃጢአት እንዲያነጻ፣ ለሐኪምም ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። ሦስቱም በአንድ ላይ ተጽፈዋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በቡኻሪ ስብስብ ውስጥም አላህ ፈውስ ያላዘጋጀለትን በሽታ እንዳላወረደ የሚያስረዳ ሐዲስ አለ። ምእመኑ ስለ ሽፍታ ሲያማክራቸው «በሐኪም ታየህ?» ብለው የሚጀምሩ የንስሐ አባትና ኢማም ከመጻሕፍቱ አልራቁም።

ለሚያፍረው ሰው የሚነገረው ቀላል ነው። የማያምሙ፣ ለዓመታት ያልተለወጡ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አብዛኛውን ጊዜ አያሳስቡም፤ ጥርጣሬ ካለ አንድ ጊዜ ማሳየት ይበቃል። ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ፣ ኪንታሮት፣ ፈሳሽ፣ የብሽሽት እብጠት ወይም በጥቂት ሳምንታት የማይድን ምልክት ግን በቶሎ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት አለበት። የአባላዘር በሽታ ከተገኘ ሚስትም አብራ ትመረመራለች፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ነገሩ ለነገ አይባልም፤ ለቂጥኝ በጊዜ የምትወጋው ፔኒሲሊን በማኅፀኗ ያለውንም ልጅ ያድናል።